የእናቴ ጀበና እና የልጄ መጽሔት

የመጨረሻው ልጄ ባለፈው ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ «ውጤት እስኪመጣ ጎንደር አያቴ ዘንድ ልክረም» ሲለኝ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ሲነካካ ከሚከርም፣ የአያቱን ሽሮ እየበላ ቢከርም ይሻለዋል ብዬ ነው። ሦስት ሳምንት ሲሆነው ታናሽ ወንድሜ ከጎንደር ደወለ። «እቴ፣ ልጅሽ ጋዜጠኛ ሆኖልሻል» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። «የእናታችንን ገመና በኢንተርኔት ሊያወጣው ነው። ነይና አስቁሚው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የሚኖሩት ከቅዳሜ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። እዚያው ሰፈር ያሉ አራት ወጣቶች ስለ ጎንደር ከተማ ባህልና ኑሮ በኢንተርኔት የሚነበብ መጽሔት ያዘጋጃሉ። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ አራተኛው ባጃጅ ይነዳል። እኔን የገረመኝ መጽሔቱን የጀመሩት ኢንተርኔት ባልነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ በክልሉ ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ፣ ጎንደር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። እኔ ራሴ የእናቴን መልክ በስልክ ሳላይ የከረምሁበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ በዚያን ጊዜ ስለ ከተማቸው ከአዛውንት የሰሙትን እየጻፉ፣ በወረቀት አትመው፣ ለሁለት አጥፈው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ወደ ስልክ አዞሩት። ልጄ አምስተኛ ሆኖ የገባው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነት አጀማመር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣም መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሠራጨው። ኒው ዮርክ ያሉ ወገኖቻችንም እ.ኤ.አ. በ2003 «ታዲያስ» የተባለ መጽሔት ጀምረው፣ እስካሁን በኢንተርኔት የስደተኛውን ባህልና ወሬ ያስነብባሉ። ጎንደር ራሷስ ብትሆን? ነገሥታቱ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ባለሙያ ነበራቸው። ዛሬ ስለ ታላቁ ኢያሱ ወይም ስለ በካፋ የምናውቀው አብዛኛው ነገር እነ ሐዋርያ ክርስቶስና እነ ሲኖዳ የዋሉበትን እየጻፉ ስላቆዩልን ነው። ዘመቻውን ጽፈዋል፣ ሹመት ሽረቱን ጽፈዋል። ቅዳሜ ገበያ እንስራ ይዛ የምትቀመጥ ሴት ግን የዜና መዋዕሉ ጉዳይ አልነበረችም።

ወደ ልጄ ልመለስ። እኛ እናታችንን «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። ጎንደር ላይ ሌላ አነጋገር የለም። የእኔ ልጆች ግን አዲስ አበባ ተወልደው እኔን «አንቺ» ይሉኛል፤ እኔም ዝም አልሁ፤ ለምጄዋለሁ። ልጄ ጎንደር በደረሰ በመጀመሪያው ቀን አያቱን «እማማ፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ ላቅርብ» አላቸው አሉ። ለደግነት ነው። ቤቱ ውስጥ የነበሩት የጎረቤት ሴትዮ ጉድ ብለው አማተቡ። እናቴ ግን ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። «ተዉት፣ የሸገር ልጅ ነው። ፍቅሩ እንጂ አፉ አልተማረም» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት «አንቱ» ማለት ጀመረ። ማንም አላዘዘውም።

መጽሔቱን በስልኬ ከፍቼ ከመጀመሪያው ጀምሬ ያነበብሁት ወንድሜ ከደወለልኝ በኋላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። አንዱ እትም ስለ ሰፈር ስሞች ነው። እጨጌ ቤት ለምን እጨጌ ቤት እንደተባለ፣ አዲስ ዓለምን የሙስሊሞች ሰፈር ያደረገው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰው በሃይማኖቱ ተለይቶ እንዲቀመጥ የወጣው ድንጋጌ እንደሆነ ጽፈዋል። ሌላው ስለ ፒያሳ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራቸውን ሕንፃዎች አንድ በአንድ ፎቶ አንስተው፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ እጁን እስከሰጠበት ቀን ድረስ ያለውን ታሪክ በአጭሩ አስቀምጠዋል። ስለ ጥምቀት የጻፉትን ወድጄዋለሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓሉን መመዝገቡን ብቻ ብለው አላለፉም። ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የፋሲለደስን መዋኛ እንዴት እንደሚሞላ፣ ካህናቱ ባርከው ሲጨርሱ ማን ቀድሞ እንደሚዘል፣ ዘሎም ነጠላው የጠፋበት ልጅ እናቱን እንዴት እንደሚፈራ ጽፈዋል። ስለ አለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ የጻፉት ግን ብዙውን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ባይጽፉትም አይጎዳም ነበር።

ስሕተትም አላቸው። ልጄ በአንዱ ጽሑፍ የግንቡን ቅጥር ግቢ በሙሉ ዐፄ ፋሲለደስ ሠሩት ብሎ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጥተው «ያ የሐሰት ወሬ የማነው?» ብለው ጠየቁ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፣ ትልቁ ግንብም የሳቸው ነው፤ ዳሩ ግን ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ከዚያም ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠርተው ነው ግቢው እንዲህ የሆነው። ልጆቹ እርማቱን በሚቀጥለው እትም አወጡ። ልጄ ተሳስቶ ሲታረም ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በአደባባይ «ተሳስቻለሁ» ሲል ግን ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

ጣጣውን ያመጣው የወለቃው እትም ነው።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ትንሽ ኪሎ ሜትር እልፍ ብሎ ያለ መንደር ነው። ድሮ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት ነበር። ወንዶቹ ቀጥቃጮችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የጎንደርን ግንቦች ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል እነሱ እንዳሉበት የታሪክ ጸሐፊዎችም ጽፈዋል፣ ሽማግሌም ያውቀዋል። ልጄና ባለ ባጃጁ ጓደኛው አንድ ቀን ሄደው ፎቶ አነሱ፤ ዛሬ እዚያ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶችን አነጋገሩ፤ ማታ ልጄ ጽሑፉን ለአያቱ አነበበላቸው። ርእሱ «የፈላሻ መንደር» ይላል።

እናቴ ቡና እየቆሉ ነበር። «እንዲያ አትበላቸው» አሉት። «ስድብ ነው። እነሱ ራሳቸውን እንዲያ አይሉም። ቤተ እስራኤል በላቸው።»

ልጄ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ቃሉ አገር የሌለው፣ መጻተኛ እንደ ማለት መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ የቡናውን ምጣድ ከእሳቱ አወረዱና «ይልቅ እኔ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። እሱም ስልኩን አውጥቶ «እማማ፣ ልቅዳው?» አለ። «ቅዳው» አሉት። የነገሩትን እኔ በሃምሳ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በፍልሰታ ጾም በአውሮፕላን ሄድሁ። መንገዱን ለማሰብም አልደፈርሁም። ከአዘዞ አየር ማረፊያ ወደ ከተማ ስገባ ዝናቡ ገና መጣሉ ነበር። ቤት ስደርስ ወንድሜ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ልጄ ጥግ ይዟል፤ እናቴ ጀበና ጥደዋል። ሰላምታ ሳንጨርስ ወንድሜ ጀመረ። እናቴ በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ ግድግዳው መደርደሪያ አሳዩኝ።

«ያቺን ታውቂያታለሽ?»

እንዴት አላውቃት! ጥቁር፣ ትንሽ፣ አፏ ላይ ሸረፍ ያለች ጀበና ናት። ልጅ ሆኜ እንደ ዕቃ ዕቃ ልጫወትባት ስፈልግ «አትንኪያት» እየተባልሁ ነው ያደግሁት። ቤታችን ውስጥ ተጥዳ አይቻት አላውቅም። ለጌጥ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ተወላጅነታቸው ከከተማው አይደለም። ደባት አጠገብ ነው የተወለዱት። አባታቸው በበቅሎ በሊማሊሞ በኩል ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። ጎንደር የመጡት ተድረው ነው፤ ዘመድ የላቸውም። ገበያ ሲወጡ ከአንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ጋር ተግባቡ። የእኩያቸው ናት። ድስትና እንስራ ትሸጥላቸዋለች፤ ከዚያ ዋጋ መከራከሩ ቀርቶ ጨዋታ ሆነ። እናቴ የአገራቸውን ገብስ ቆሎ ይወስዱላታል፤ እሷ የተረፋትን ክዳን ትመርቅላቸዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኑ።

በ1962 ዓ.ም. እኔ ተወለድሁ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እናቴ ገና አራስ ቤት ሳሉ ሴትዮዋ ልትጠይቃቸው ከወለቃ በእግሯ መጣች። ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቤተ እስራኤሎች የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። በጥንቱ ሥርዓታቸው ከእኛ ጋር ከተነካኩ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ወንዝ ወርደው ገላቸውን ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም፤ ለዚህም ነው ሰው «አትንኩኝ» እያለ የሚጠራቸው። እሷ ያንን ሁሉ አውቃ ነው የመጣች። በእጇ ለእናቴ የሠራቻትን ጀበና ይዛለች። በእኛ በኩል ደግሞ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሕፃን በዓይኑ ይበላል የሚባል ወሬ አለ። እናንተም ሰምታችሁታል። አንዳንድ ቤት ዛሬም ይወራል።

«ድምጿን ስሰማ» አሉ እናቴ፣ «አንቺን በጋቢ ጠቅልዬ ከመደቡ ሥር ሸጎጥሁሽ። ክርስትና እንኳ አልተነሣሽም። በሩ ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ‹ልጅቱ የታለች? ላያት› አለችኝ። ‹ጎረቤት ወስደዋታል› አልኋት። የአራስ ልጅ ጎረቤት አይወሰድም። እሷም እናት ናት፣ ታውቃለች። በዚያ ላይ አንቺ አለቀስሽ።»

ቤቱ ውስጥ ማንም አልተናገረም።

«አልተቆጣችኝም። ጀበናዋን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ብላኝ ሄደች። በእኛ አባባል፤ ለእኔ ስትል። ከዚያ በኋላም ገበያ አያታለሁ፤ ድስት እገዛታለሁ። ዋጋውን ትነግረኛለች፤ እከፍላታለሁ። ጨዋታ የለም። አሥራ አምስት ዓመት እንዲያ ኖርን። አንድ ሳምንት አልመጣችም፤ በሌላውም አልመጣችም።»

ያ ጊዜ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ መሆን አለበት። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡበት፣ ብዙዎችም በመንገድና በካምፕ ያለቁበት ጊዜ ነው። የቀሩት ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከ14,000 በላይ ሆነው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። እናቴ ጓደኛቸው ከየትኞቹ ጋር እንደሄደች፣ ትድረስ አትድረስ አያውቁም። ወለቃ ሄደው ለመጠየቅ አልደፈሩም። መንደሩ ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው።

ወንድሜ ክርክሩን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የእሱም ነገር ከንቱ አይደለም። «ይህን የከተማ ባህል ብሎ የሚያወጣ ማነው? ሰው እናቴን በመንገድ ሲያያት ምን ይላል? ደግሞ የዛሬ ሰው ቂም እንጂ ይቅርታ ያውቃል? ጊዜው አይታይሽም?» አለኝ። እሱ እዚያው ነው የሚኖረው፤ ልጆቹን የሚያስተምረው፣ እናታችንን የሚጦረው እዚያው ነው። እኔ በማግሥቱ አውሮፕላን እሳፈራለሁ። ስለዚህ እኔ በቀላሉ «ይውጣ» ለማለት መብት ያለኝ መስሎ አልታየኝም። ልጄን ግን እንዳላስቆም ያደረገኝ አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ ያንን ነገር ለእኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ሳይነግሩኝ ለእሱ በሦስት ሳምንት ነገሩት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እሱ ጠየቀኝ። እናንተ ‹በልተሽ ነው ወይ፣ መድኃኒትሽን ውጠሻል ወይ› ነው የምትሉኝ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በ«አንቺ» አሉት፤ እንደ አዲስ አበባዎቹ፣ እያሾፉብኝ።

ልጄ የጻፈውን እንዲያነብ ጠየቅነው። በስልኩ አነበበ። ጥሩ ነው የጻፈው፤ የእናት ዓይን ሆኖብኝም ይሆናል። መሐል ላይ እንዲህ የሚል አለበት፤ «በዚያን ዘመን ሰው ሁሉ እንዲያ ያምን ነበር።» እናቴ አቋረጡት።

«ይሄን አውጣው።»

«ለምን እማማ? እርስዎን እንዳይወቅሱ ብዬ ነው» አለ።

«ሰው ሁሉ አላመነም። ከግቢያችን በታች የነበረች ጎረቤቴ ያቺኑ ሴትዮ ልጇን አሳቅፋታለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁም አድጎ ወልዷል። እኔ ግን ደበቅሁ። እንዲያ ብለህ ጻፍ።»

እኔ ጸጉሬ ቆመ። እኔ ራሴ ብጽፈው ኖሮ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ነበር የማስገባው። እናትን ማን ያጋልጣል? ወንድሜም አንገቱን ደፋ፤ ተስማማሁ ግን አላለም፤ እስከ ዛሬም አላለም። «ስማቸው አይውጣ» ብሎ ያንን ብቻ አስያዘ። እናቴም ሁለት ነገር ጨመሩ። የእሷም ስም አይጻፍ፣ ስላልተጠየቀች። ቪዲዮውም አይለቀቅ። «የቤት ቀሚስ ለብሼ ነው የቀዳኸኝ፤ ጽሑፉ ይበቃል» አሉት።

ከመጽሔቱ አዘጋጆች አንዷ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራዋ ልጅ፣ በማግሥቱ መጥታ ጽሑፉን እንደገና ለእናቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። ይህ ሥራቸው እንደሆነ ነገረችኝ። ማንም ሽማግሌ የነገራቸውን ሳይነበብለት አያወጡም። መጀመሪያ ላይ እንዲህ አያደርጉም ነበር፤ አንድ አዛውንት ስለ ጎረቤታቸው በጨዋታ ያሉትን አውጥተው ሁለት ቤት ካጣሉ በኋላ ነው ይህን ልማድ ያደረጉት። ትልልቅ ጋዜጦች ይህን ሲያደርጉ አላየሁም። ልጆቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ለካርድ የሚያዋጡት ከኪሳቸው ነው፤ ባለ ባጃጁም ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ማታ ነው የሚጽፈው። እንዲህ ስለሆነም አንዳንዱ እትም ይዘገያል፣ አንዳንዱም ሳይወጣ ይቀራል።

ጽሑፉ በቡሄ ሰሞን ወጣ። ርእሱ ተቀይሯል፤ ፎቶው የጀበናዋ ብቻ ነው። በዚያ ምሽት የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ እየጨፈሩ በራችን ላይ መጡ፤ እናቴ ሙልሙል ሰጧቸው። ከልጆቹ አንዱ ልጄን «ያ ጽሑፍ የማን አያት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ «የአንድ ሰው» አለው።

እኔ ልመለስ በዋዜማው ማታ እናቴ ጀበናዋን ከመደርደሪያው አወረዷት። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ እንዳላሟሿት ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ሸክላ ሳይሟሽ አይጣድም፤ ይሰነጠቃል፣ ያፈስሳል፣ ቡናውም አፈር አፈር ይላል። በለብታ ውኃ ውስጧን አጠቡ፤ ውጭዋን በጨርቅ ጠረጉ፤ የቡና አተላ በውኃ ጨምረው በረመጥ ጣዷት። እሳቱን አላበረቱባትም። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ወንድሜም ሊሰናበተኝ መጥቶ ስለነበር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አተላው ሲፈላ ደፉት፤ እንደገና ሞሉ፤ እንደገና ደፉት።

«ነገ ትጠጣባታለህ» አሉት ልጄን።

«እኔስ?» አለ ወንድሜ።

እኔ ጠዋት አውሮፕላን ነበረብኝ። ማታ ከአዲስ አበባ ስደውል ልጄ እንዳላፈሰሰች ነገረኝ። ሦስት ሲኒ ትይዛለች።